‹‹ልክ እንደ እውነተኛው›› ሲባል፣ እንደ የትኛው?

በእነዚህ ገጾች ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ካፌው ሽሮ እና ስለ ፌስቡክ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ግን ለአንዳንዶቻችሁ ‹‹ይቺ ደግሞ ምን ነካት?›› የሚያሰኝ ነው። ስለ አውሮፕላን ልጽፍ ነው፤ ያውም በኮምፒውተር ውስጥ ስለሚበር አውሮፕላን። ‹‹ጌም ነዋ!›› እንደምትሉ አውቃለሁ። ጌም ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ባልደከምኩ ነበር።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። እንደ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር እና ኤክስ-ፕሌን ያሉ ፕሮግራሞች አሉ። ቤት ተቀምጦ አውሮፕላን ለማብረር የተሠሩ ናቸው። አብረዋቸው የሚመጡ አውሮፕላኖች አሏቸው፤ ከእነዚያ ውጪ ግን ሌሎች ኩባንያዎችና ግለሰቦች ለብቻ ሠርተው የሚሸጧቸው ወይም በነፃ የሚለቋቸው አውሮፕላኖች አሉ። አድ-ኦን የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጥሩ ስም ያለው አንዱ ብቻ 50፣ 60፣ 70 ዶላር ይጠየቅበታል፤ ያውም ፕሮግራሙን ሳይጨምር። የሚገርመው ነገር የማስታወቂያቸው ቋንቋ ነው። ርካሹም፣ ውዱም፣ ነፃውም የሚለው አንድ ነው፦ ‹‹ልክ እንደ እውነተኛው››። የእኔም ክርክር ከዚህች ሐረግ ጋር ነው።

መጀመሪያ ግን ይህ ጉዳይ አሶሳ ላይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ምን እንደሚመለከተው ልንገራችሁ። ከአሶሳ አዲስ አበባ በመኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በወለጋ በኩል የሚያልፈው መንገድ በጸጥታ ችግር በተቋረጠባቸው ጊዜያት ምን እንደነበርን የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ፣ ግቢ የተጠራ ተማሪ፣ ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ ሁሉ ዓይኑ ወደ ሰማይ ነበር። ወደዚህ የሚመላለሰውን አውሮፕላን አብዛኛው ሰው ‹‹ቦምባርዲየር›› ይለዋል፤ ትክክለኛ ስሙ ዳሽ 8 ኪው-400 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን ዓይነት አውሮፕላን መረከብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሁለት ሞተር፣ በየሞተሩ 6 ምላጭ ያለው ትልቅ ፕሮፔለር፣ ሰባ ምናምን መንገደኛ። እንግዲህ ለእኛ ይህች አውሮፕላን መጫወቻ አይደለችም ማለቴ ነው። ሰው ታድርሳለች። ስለዚህ አንድ ሰው ‹‹ልክ እንደ እውነተኛዋ ኪው-400›› ሲለኝ ‹‹እስቲ ቆይ!›› ማለት ይቀናኛል።

አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ስሙን ብጽፍ ስለሚጣላኝ አልጽፈውም። ላፕቶፑ ላይ አንድ በነፃ የተገኘች ኪው-400 ጭኖ ነበር። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የአየር መንገዳችን ቀለም ተቀብታ፣ በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር ይነበባል። አሶሳ ሊያሳርፋት ሲል ገና ማኮብኮቢያው ሳይደርስ የሞተሩን ኃይል ሙሉ በሙሉ ቀነሰ። አውሮፕላኗ እንደ ወረቀት ተንሳፍፋ፣ ተንሳፍፋ፣ ቀስ ብላ ቁጭ አለች። ‹‹አየሽ አይደል? ልክ እንደ እውነተኛው!›› አለኝ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የማጀስቲክን ኪው-400 አገኘ። ይህቺኛዋ በሲሙሌተር ወዳጆች ዘንድ የታወቀች ናት። የታወቀችውም በመልኳ አይደለም። የበረራ ስሌቷን ለዋናው ፕሮግራም አትተውለትም፤ ከእሱ ውጪ በሆነ በራሷ ሞተር ነው የምታሰላው። ጓደኛዬ እንደለመደው ኃይሉን ዘጋ። አውሮፕላኗ እንደ ድንጋይ ወረደችና መሬቱን መታችው! ዝም ብሎ ስክሪኑን አየና ‹‹ይቺ የተበላሸች መሰለኝ›› አለ።

በዚህ ሳቅሁ፤ ግን ስለ ጉዳዩ ከሰማሁት ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ይህ ነው። የተበላሸ ነገር አልነበረም። የእውነተኛዋ ኪው-400 ጠባይ እንደዚያ ነው። ኃይል ሲቀነስ እነዚያ ትልልቅ ምላጮች ፊታቸውን ለነፋሱ ሰጥተው እንደ ፍሬን ይይዛሉ፤ አውሮፕላኗ ትሰምጣለች። ስለዚህ አብራሪዎቿ መሬት እስክትነካ ድረስ የተወሰነ ኃይል ይይዙላታል። ቁልቁለቱን አፍንጫዋን በማንሳት ልስበረው የሚል ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጠብቀዋል፤ አካሏ ረጅም ስለሆነ አፍንጫዋ ከልክ በላይ ከተነሳ ጅራቷ አስፋልት ይነካል። እንግዲህ እዩት፦ እውነቱን የተናገረችው አውሮፕላን ‹‹ተበላሸች›› ተባለች፣ የዋሸችው ተሞገሰች። (በእኛ ሙያስ ቢሆን ይህ አይደርስም?)

በበኩሌ የአድ-ኦን እውነተኛነት የሚለካው እምቢ ማለት በመቻሉ ነው ባይ ነኝ። በኮክፒቱ ውስጥ ስንት ማብሪያ ማጥፊያ እንዳለ፣ የወንበሩ ቆዳ ስፌት ይታይ አይታይ፣ የመስኮቱ መጥረጊያ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ… እነዚህ ሁሉ ያምራሉ፤ ሰውም የሚከፍለው ባብዛኛው ለእነሱ ነው። ምክንያቱም በፎቶ ይታያሉ። ኃይል ሲዘጋ የምትሰምጥ መሆኗ ግን በፎቶ አይታይም። ዋጋም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። ለኤክስ-ፕሌን የተሠራው ዚቦ የሚባለው ቦይንግ 737 በነፃ የሚወርድ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎች ገንዘብ ከሚከፈልባቸው እኩል ያዩታል።

‹‹ታዲያ እኛ አብራሪ ያልሆንነው በምን እንለየዋለን?›› የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ደግሞ እዚሁ ደጃችን ላይ አለ። የአሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሙቀቱ ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ! አየር ሲሞቅ ይሳሳል። በዚያ ከፍታ ላይ ‹‹መደበኛ›› ተብሎ የሚታሰበው ሙቀት 5 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የእኛ 30 ሲገባ አየሩ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ያህል ይሳሳል። ይህ ማለት አሶሳ በሐሩር ቀን ለአውሮፕላን ክንፍ እንደ ቦሌ ከፍታ ትሆናለች ማለት ነው፤ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነውና። እንግዲህ አድ-ኦኑን ጫኑ። አንድ ዓይነት ክብደት ሙሉ። መጀመሪያ ባሕር ዳርቻ ያለ ማረፊያ ሂዱ፣ ጅቡቲ ይሁን፣ ሙቀቱን 15 አድርጋችሁ ተነሱ። ቀጥሎ አሶሳ ኑ፣ ሙቀቱን 32 አድርጉና ተነሱ። ከማኮብኮቢያው የወሰደባችሁን ርቀት አስተያዩ። ሁለቱ ቦታ ላይ እኩል ርቀት ከወሰደ የገዛችሁት ቀለም ነው። ይህን ለማወቅ የአብራሪ ፈቃድ አያስፈልግም፤ እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃል።

ስለ መሬቱም አንድ ነገር ልበል፤ አውሮፕላኑ እውነት ሆኖ መሬቱ ውሸት ሲሆን ምን ይባላል? ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ላፕቶፓቸው ደከም ያለ ልጆች ዛሬም የሚበሩበት እሱን ነው። በዚያ ፕሮግራም ከአሶሳ ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ወደ ጉባ ብትሄዱ የምታገኙት ዓባይን ነው፤ በሸለቆው ውስጥ የሚሄደውን ወንዝ። ንጋት የተባለውን ሐይቅ አታገኙትም፤ ሊኖርም አይችልም። የሕዳሴው ግድብ ውሃ መያዝ የጀመረው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነዋ! ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 74 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ውሃ የመያዝ አቅም አለው። ያን የሚያህል ውሃ በሌለበት ሰማይ ላይ የ70 ዶላር አውሮፕላን እያበረሩ ‹‹ልክ እንደ እውነተኛው›› ማለት ለእኔ ያስቀኛል። እውነት ነው፤ ግን የ2006 እውነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የሳተላይት ፎቶ ስለሚጠቀም ከዚህ የተሻለ ነው። እሱም ቢሆን ሁሉን እኩል አያይም። ሲወጣ ተለይተው በእጅ ከተሠሩት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ከአፍሪካ ካይሮና ኬፕታውን ነበሩ። ቦሌ አልነበረችም፤ አሶሳማ አትነሳ! በእጅ ያልተሠራውን ኮምፒውተሩ ራሱ ከፎቶው እየገመተ ይሞላዋል። የሚገመተው ማን እንደሆነ ልብ በሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። በቀላሉ የማነሳው አይደለም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ በተነሳ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ሰዎች ሞቱ። ከእሱ ከአራት ወር በላይ ቀደም ብሎ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። በሁለቱም አደጋ አንድ ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ ሰጠ፤ ያንን የተቀበለው ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። ይህን ሁላችንም ሰምተናል። ብዙ ያልተወራው የሲሙሌተሩ ነገር ነው።

የአየር መንገድ አብራሪ የሚሠለጥንበት ሲሙሌተር የላፕቶፕ ጌም አይደለም። በሃይድሮሊክ ወይም በኤሌክትሪክ እግሮች ላይ ቆሞ የሚወዛወዝ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚወጣበት፣ በመንግሥት ተቆጣጣሪ ተፈትሾ የሚፈቀድ ሙሉ ኮክፒት ነው። አየር መንገዳችን ከአደጋው በኋላ በሰጠው መግለጫ ግን የማክስ ሲሙሌተር የኤምካስን ችግር አስመስሎ ለማሳየት የተሠራ አለመሆኑን ገለጸ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ቦይንግ ራሱ የማክስ ሲሙሌተር ሶፍትዌር ላይ እርማት ማድረጉን አስታወቀ። እርማቱ አፍንጫውን በእጅ ለማስተካከል የሚዞረውን መዘውር ይመለከታል፤ ለማዞር የሚጠይቀውን ጉልበት ሲሙሌተሩ በትክክል አያሳይም ነበር። አስቡት። በ302 በረራ ላይ የነበሩት አብራሪዎች የኤሌክትሪኩን ማስተካከያ ካጠፉ በኋላ በእጅ ሊያስተካክሉ ሞክረው እምቢ ያላቸው ያው መዘውር ነው።

ፈቃድ ያለው፣ የተፈተሸ፣ ‹‹ልክ እንደ እውነተኛው›› የተባለ መሣሪያ አንድ ነገር አላወቀም ነበር፤ የሚያውቀው ስላልነገረው። ሲሙሌተር ያልተነገረውን አያሳይም። መጥፎው ነገር ደግሞ ‹‹ይህን አላውቅም›› ብሎም አይነግራችሁም፤ ዝም ብሎ መብረሩን ይቀጥላል። እናም የ70 ዶላሩ አድ-ኦን ከዚህ ይሻላል የሚል ካለ ይንገረኝ።

ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ‹‹አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ! እኔ እኮ ለመዝናናት ነው›› አለኝ። ለመዝናናት ከሆነ ምንም ችግር የለውም፤ ይዝናና። የቤት ሲሙሌተር ከንቱ ነው የሚሉትንም አልደግፍም። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 በተፈቀደላቸው የኮምፒውተር መለማመጃዎች የሚደረግ ልምምድ፣ በመሣሪያ ብቻ ለማብረር ከሚያስፈልገው ሥልጠና እስከ 10 ሰዓት እንዲያዝለት ፈቅዷል። የቼክሊስት ቅደም ተከተል፣ የሬድዮ አቅጣጫ ጠቋሚ አነባበብ፣ አቀራረብን ማቀድ… እነዚህን ቤት ተቀምጦ መማር ይቻላል። አሶሳ ያለ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ስለ አየር ግፊት ከፊዚክስ መጽሐፉ ያላገኘውን ከዚያ ካገኘ እሰየው ነው። የእኔ ጥል ከሚጫወተው ጋር አይደለም፤ ከሚመሰክረው ጋር ነው። ቀን ሲሙሌተር ላይ የዋለ ሰው ማታ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ‹‹እኔ ብሆን ኖሮ ያንን አውሮፕላን አድን ነበር›› ሲል ሰምቻለሁ። በምን ላይ ሆነህ ሞከርከው ወንድሜ? ማን በሠራው ኤምካስ? መዘውሩን ያዞርከው በማውዝ ነው ወይስ በክንድህ?

ይህ ነገር ወደ እኛ ሙያ የሚገባውም በዚህ በር ነው። በአንደኛ ዓመት የመጀመሪያ ሳምንት የተማርነው ጥያቄ ‹‹ማን ነገረህ? እሱስ እንዴት አወቀ?›› የሚል ነበር። የአድ-ኦን አውሮፕላን እኮ ምንጭ ነው፤ ስለ አንድ ማሽን ጠባይ ይናገራል። እንደማንኛውም ምንጭ ደግሞ መረጃውን ከየት እንዳመጣ ይጠየቃል። ከፋብሪካው መመሪያ ነው? ያንኑ አውሮፕላን ከሚያበሩ ሰዎች ነው? ወይስ ከዩቲዩብ ቪዲዮ አይቶ የገመተው ነው? ጨዋ የሆኑ ሠሪዎች ያልሠሩትን ነገር ሳይቀር ጽፈው ያስቀምጣሉ፤ ‹‹ይህ ሲስተም አልተካተተም›› ይላሉ። እኔ አንዱን ከሌላው አስበልጬ የማምነው በዚህች ገጽ ነው።

የማይጠይቅ ጋዜጠኛ ምን ላይ እንደሚወድቅም አይተናል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት በተጀመረ ሰሞን ‹‹የኪየቭ መንፈስ›› የተባለ አብራሪ የሩሲያን አውሮፕላን ሲመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን አዳረሰ። ቪዲዮው የተቀዳው ዲሲኤስ ወርልድ ከሚባል የጦር አውሮፕላን ሲሙሌተር ላይ ነበር። ዲሲኤስ ደግሞ እያንዳንዱ ተዋጊ አውሮፕላን ለብቻው የሚሸጥበት፣ በእውነተኛነቱ የተመሰገነ ፕሮግራም ነው። ሠሪው ለማታለል አልሠራውም፤ ከሲሙሌተር መሆኑንም ጽፎ ነበር። ያጋሩት ሰዎች ናቸው ጽሑፉን ጥለው ምስሉን ብቻ የወሰዱት። እንግዲህ ልክ እንደ እውነተኛው የመምሰል ጥቅሙም ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው፤ ጥሩ አድ-ኦን ማለት ስልክ ላይ ሲታይ ከዜና የማይለይ ማለት ነው። ነገ አንድ አውሮፕላን አሶሳ ላይ ቢንሸራተት (አያድርገውና!) በሰዓታት ውስጥ ቀለሙ የእኛ የሆነ የሲሙሌተር ቪዲዮ በቴሌግራም እንደሚመጣ አልጠራጠርም። ‹‹ከስፍራው የደረሰን›› ብሎ የሚለቀውም ምናልባት ከእኛው ክፍል የወጣ ልጅ ይሆናል።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛው ቀላል ነው። በተግባር ትምህርታችን ላይ ከሲሙሌተር የተወሰደ ምስል የሚጠቀም ተማሪ፣ ምስሉ በሚታይበት ጊዜ ሁሉ ስክሪኑ ላይ እንዲጽፍ ይገደድ፦ ከሲሙሌተር የተወሰደ መሆኑን፣ የፕሮግራሙን ስም፣ አውሮፕላኑን የሠራውን አካል። መጨረሻ ላይ በትንንሽ ፊደል አይደለም፤ እዚያው ምስሉ ላይ። ያልጻፈ ማርክ ይቀነስበት። (መምህራን ሆይ፣ ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን ለክፍል ልጆች አትንገሩብኝ!)

ሁለተኛው ትንሽ ያደክማል፤ እኔን ግን የበለጠ ያጓጓኛል። ኤክስ-ፕሌን ማንም ሰው በነፃ በሚሰጥ መሥሪያ አንድን አውሮፕላን ማረፊያ ሠርቶ እንዲልክ ይፈቅዳል፤ ተቀባይነት ካገኘ ለዓለም ሁሉ ይሠራጫል። ሕንፃው የት እንደቆመ፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ ከማኮብኮቢያው ማዶ ያለው ማንጎ ይሁን ቀርከሃ፣ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ኮምፒውተሩ ከሚገምትልን እኛው ብንነግረው አይሻልም? አስቸጋሪው ፎቶው ነው። ካሜራ ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ መቆም ምን እንደሚያመጣ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ጥበቃዎቹ ‹‹ሲሙሌተር›› ሲባሉ የሚሰሙት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን ዲፓርትመንቱ ይጻፍልን፤ ካሜራውንና ላፕቶፑን እኛ እናመጣለን።